አርባ ሦስት አውራ ጣት

ይሄን የምጽፈው መንዝ ሄዶ ለማያውቅ፣ ለመሄድም ሐሳብ ለሌለው ሰው ነው። ሄዳችሁ የምታውቁ ዝለሉት፤ "መንገዱ እንዲህ አይደለም፣ ብርዱ እንዲያ ነው" እያላችሁ ታደርቁኛላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በርና መስኮት እበይዳለሁ። ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ እሱም ተመለስ ብሎ አልለመነኝም። ስለዚህ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ፤ ስድብ ግን አልገድፍም።

የላከችኝ እናቴ ናት። ወንድሟ ጋሼ ደምሰው ከሞላሌ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የቤታቸውን ክዳን ሊጠግኑ ወጥተው ወደቁና ቀኝ እጃቸው ተሰበረ፤ ወጌሻ አስሮላቸዋል። ገብሱ ደግሞ የታሰረ እጅ እስኪፈታ አይጠብቅም፤ ደርሷል፣ ካልታጨደ ይረግፋል። ልጃቸው ሀብታሙ አለ አይደል፣ ሃያ ዓመት የሞላው በሬ የሚያህል ጎረምሳ፣ አልኳት። "አለ" አለች እናቴ፣ ረዘም አድርጋ። ከአባባሏ ሀብታሙ እንደሌለ ገባኝ። አለቃዬን የሳምንት ፈቃድ ለምኜ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር አንድ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ የደረስኩት ገና ሳይነጋጋ ነው። ረዳቱ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቶ መሐል ሜዳ መሐል ሜዳ እያለ ይጮሃል። ሞላሌ ላይ ወራጅ ነኝ ስለው ራሱን ነቀነቀልኝ። ለኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለዘፈኑ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ አሥራ ስድስት ሰው ነበርን፤ አሥራ ስድስታችንም ማጅራታችንን የተመታን ይመስል አቀርቅረናል። ልጅ ሆኜ መኪና ስንሳፈር ሰው ይነዛነዛል፣ ስለ ዝናብ ያወራል፣ ቆሎ ያዞራል። አሁን ሁሉም የራሱን ድምፅ ለቆ ተቀምጧል፤ አንዱ ጋ መዝሙር፣ አንዱ ጋ ኳስ፣ አንዱ ጋ የሆነች ሴት ባሏን በሰው ፊት ታዋርዳለች። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ገደሉም ሰማዩም አይታይም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን አወጣችና ጉሙን መቅረጽ ጀመረች፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ። ነጭ ነገር ነው እኮ። የኛም ቤት ግድግዳ ነጭ ነው፤ ማንም ቀርጾት አያውቅም። ሾፌሩ ስልክ ሲደወልለት መሪውን በክርኑ ይዞ እያወራ ጠመዝማዛውን ይወርደዋል። ቀና ብሎ "ኧረ ጌታው" ያለ የለም። ቀና ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ብዙ አልቆየሁበትም።

ምክንያቱም የራሴን ስልክ አወጣሁ። ከቤት አውርጄ የመጣሁት ቪዲዮ ነበረኝ፤ አንድ ቻይና ቱቦ ሲበይድ። ሥራ መማር ነው ብዬ ነዋ። ሰውየው በይዶ፣ ሞርዶ፣ ቀለም ቀብቶ ሲጨርስ ቀና አልኩ፤ ሞላሌ ካለፈ ቆይቷል። ረዳቱን ክንዱን ያዝኩት። ወራጅ ያለ የለም አለኝ። ጠዋት ነገርኩህ እኮ ስለው፣ "ጠዋት የነገርከኝ ጠዋት ነው" አለና ማዳመጫውን መለሰው። ከንዴቴ ግማሹ ለሱ ነበር። ግማሹን ራሴ ዋጥኩት።

ስለዚህ ሳላስበው መሐል ሜዳ አደርኩ። ደብረ ብርሃን ብርድ አለ ብለን እንኩራራለን፤ የኛ ብርድ እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። የመሐል ሜዳው የቤቱ ባለቤት ነው። አልጋ የምታከራየዋ ልጅ ከስልኳ ዐይኗን ሳታነሳ የሰባት ቁጥርን ቁልፍ ወረወረችልኝ። ሰባትን ስከፍት አንድ ሽማግሌ መቁጠሪያ ይዘው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። በስመ አብ ብለው አማተቡብኝ። ተመልሼ ስነግራት፣ ሰባት ተይዟል ለካ አለች፤ አሁንም አላየችኝም። ሌላ ባዶ ክፍል የለም። ሽማግሌው ጭቅጭቃችንን ሰምተው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው፣ እኔ የበግ ነጋዴ ነኝ፣ ከሰው ጋር ማደር ለምጃለሁ፣ ግባ አሉኝ። ቆሎ አካፈሉኝ። የአልጋው ብርድ ልብስ እንደ ጋዜጣ የሳሳ ስለነበር ከላይ የደረቡትን ባና፣ ያንን ከበግ ጠጉር የሚሠራ ከባድ ልብስ፣ አንስተው ጣሉብኝ፤ እሳቸው በጋቢ አደሩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ እናቴ ከየትኛው ሰፈር እንደወጣች፣ ጋሼ ደምሰው በየትኛው እጃቸው እንደወደቁ አወቁ። ደብረ ብርሃን በተከራየሁበት ግቢ ጎረቤቴ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስሙን አላውቀውም። የዋይፋዩን ስም ግን አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ሁለት

ወደ ሞላሌ የሚመለስ መኪና ያዝኩ፤ ስልኬን ቦርሳዬ ሥር ቀበርኩት። ከሞላሌ በእግር ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው፣ በየት ብትዞር ፊት ለፊት ነው። ግራና ቀኝ ገብስ ነው፤ የደረሰ፣ የደረቀ፣ ነፋሱ ሲነካው እንደ ቆሎ የሚንሿሿ። የኛ ከተማ ሰው ገብስ የሚያውቀው በቢራ ጠርሙስ ነው።

ሁለቱ ሰዓት ሊሞላ ሲል አንድ ጉብታ ላይ ወጣሁ። አናቱ ላይ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ድሮ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚያስታርቁበት ነበር አሉ። አሁን ስሙ ኔትወርክ ድንጋይ ነው። ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። አንድ አሥር የሚሆኑ ጎረምሶች፣ ሁሉም ከኔ የወፈረ ክንድ ያላቸው፣ ብርድ እንደመታው ወፍ ተኮልኩለዋል። እግራቸው ሥር ያባቶቻቸው ገብስ ይንሿሿል። የጋሼ ደምሰው ቤት በየት ነው አልኩ። ቀና ያለ የለም። ደገምኩ። አንዱ በአገጩ ወደ ገደሉ አሳየኝ። ስሙን ኋላ አወቅሁት፣ ሰለሞን ይባላል። ካሜራ ከፍቶ ለማላያቸው ሰዎች ሰላምታ ሲያቀርብ የነበረ ሌላው ግን ድምፄን ሰምቶ ዞረ። ሀብታሙ ነው። የአጎቴ ልጅ። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ጸጉሩን ተቀብቶ።

አቀፈኝ፤ ልጁ ክፉ አይደለም። ነገ ደቦ ነው፣ ጨርሻለሁ አለኝ። ደቦ ለማታውቁ የከተማ ልጆች፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ ያንድን ሰው እርሻ ባንድ ቀን የሚጨርስበት ነው። ደሞዙ ጠላና እንጀራ ነው፤ ሌላ ቀን አንተ ለሱ ትሄዳለህ። አንተ ለሰው ሳትሄድ ቀርተህ እንደሆነ ግን ቀረብህ፣ የሚያጭድልህ የለም። ጋሼ ደምሰው ደቦ ሲጠሩ ሁለት ቀን ሙሉ በየቤቱ ይዞሩ ነበር። ሀብታሙ እዚሁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሰፈሩ ልጆች ግሩፕ ላይ ለጠፈው። "አባዬ ሁለት ቀን የሚፈጅበትን ባንድ ደቂቃ" አለና ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። አርባ ሦስት አውራ ጣት። እሺ ማለታቸው ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደነቀኝ። አውራ ጣቱን እየቆጠርኩ አንድ ነገር ሳላደርግ ቀረሁ፤ ከላይ የተጻፈውን አላነበብኩም።

ቤት ስንደርስ ጋሼ በር ላይ ቆመው ሰማይ ያያሉ። እጃቸው በነጠላ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በግራ እጃቸው አቀፉኝና ከሳህ አሉኝ፤ እዚያ ሁሉም ሰው ከሳህ ይላል፣ ከኛ ሰፈር በተቃራኒ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ውሃ አሙቀው እግሬን ሊያጥቡኝ ታገሉ፤ አፍሬ ራሴ ታጠብኩ። ጓዳው ውስጥ ጠላው በጋን በጋን ሆኖ ይንፈቀፈቃል። ለአርባ ሰው።

ጋሼ ሂሳቡን ነገሩኝ። ነገ ሦስት ነው፣ ከነገ ወዲያ አራት። አምስት አቦ ነው፣ ስድስት ቁስቋም፣ ሰባት ሥላሴና እሑድ ባንድ ላይ። በነዚህ በዓላት ማጭድ የሚያነሳ የለም። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና ቆሟል፤ አልወደዱትም። ዘንድሮ በልጉ አልሰጠም፣ የዚህ ቤት የዓመት እህል ያ የቆመ ገብስ ነው። ነገ ካለቀ አለቀ። ከዚያ ሀብታሙን ጠየቁት፤ ሰዎቹን ጠራህ ወይ አሉት። ጠርቻለሁ አለ። ምን አሉ ሲሉት እሺ ብለዋል አለ። "አንድ በአንድ?" "ሁሉንም ባንዴ።" ጋሼ ልጃቸውን ትንሽ አዩትና ወደ ደመናው ዞሩ። ያችን እይታ ያን ጊዜ አልተረዳኋትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ሦስት

ሌሊቱን ቁንጫ እያሳከከኝ ነጋ። የኛ ትኋን ሰነፍ ነው፤ የመንዝ ቁንጫ ሠራተኛ ነው፣ ከሀብታሙ ይሻላል። ፀሐይ ሳትወጣ ማሳው ዳር ማጭዶቹ በመስመር ተደረደሩ። ረቡዕ ስለሆነ የጾም ነው የተሠራው፤ ሽሮ፣ ባቄላ ንፍሮ፣ የገብስ ዳቦ በትልቅ በትልቁ።

ማንም አልመጣም።

ፀሐይ ወጣች፣ ማንም የለም። ውርጩ ቀለጠ፣ ማንም የለም። ሀብታሙ "ኦንላይን አይደሉም" አለ። ጋሼ ምን አለ ብለው እትዬ አስካለን ጠየቁ፤ እሳቸውም አላወቁም። ልጁ ስልኩን ይዞ ወደ ድንጋዩ ሮጠ፤ ግማሽ ሰዓት መሄጃ፣ ግማሽ ሰዓት መመለሻ፣ ለመጠየቅ። መንገዱ ላይ አራት ቤት ያልፋል። አራቱም ቤት ውስጥ ሰው አለ። አንዱንም አላንኳኳም። ይሄ ነው እኮ የሚያሳብደኝ።

እኔ ማጭድ አነሳሁ። ብረት እቆርጣለሁ፣ ገብስ ምን አባቱ አልኩ። እስከ ረፋዱ ሰባት ነዶ አሰርኩ፤ ግማሹ ተመልሶ ተፈታ። እትዬ አስካለ ጎንበስ እንዳሉ ጥለውኝ ሄዱ። ጋሼ በግራ እጃቸው ሊያጭዱ ሞከሩ፤ ገብሱን የሚይዝ ሌላ እጅ የለም። በእግራቸው ረግጠው ይዘው ሲያጭዱ አየሁና ፊቴን አዞርኩ።

ቀኑ ሊጋመስ ሲል እማማ ዘነበች የሚባሉ አሮጊት ጎረቤት በመንገዱ አለፉ። የጋኑን ብዛት በበሩ አይተው ቆሙ፤ እትዬ አስካለን በነገር ጀመሯቸው። አንቺ ሰው፣ ለሚካኤል ጠላ ከአሁኑ ይጠመቃል እንዴ፣ ዘጠኝ ቀን እኮ ነው የቀረው፣ ኮምጣጣ ልታጠጪን ነው አሏቸው። እትዬ አስካለ የምን ሚካኤል ሲሉ፣ "ልጅሽ ጠርቶን የለ፣ የሚካኤልን ዝክር ልታወጡ ነው ብለን ደስ ብሎን" አሉ። የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ አይታ ነግራቸው ነው። ሰፈሩ በሙሉ የሚያወራው ይሄንኑ ነው። ነጠላ ያሳጠበም አለ።

ሀብታሙ ተመለሰ። መልስ የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሳቅ ነው የላከ። ስልኩን ነጥቄ መልእክቱን አሁን ገና አነበብኩት። "በ12 ሁላችሁም እኛ ቤት። እንዳትቀሩ" ይላል። ከሥሩ የጠላ ጣሳና የዳቦ ሥዕል። ማጭድ የለ፣ ገብስ የለ፣ ደቦ የሚል ቃል የለ። ሀብታሙ ዛሬ አሥራ ሁለት ነው እኮ አለና ስልኩ አናት ላይ ያለውን ቁጥር አሳየን። ቁጥሩ እውነትም አሥራ ሁለት ነው። በፈረንጅ።

እማማ ዘነበች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጋሼ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። ቀረብ ብለው ስልኩን አዩት።

"እዚያ ውስጥ ሚካኤል ዛሬ ነው?" አሉት።

"አይደለም አባዬ፤ የፈረንጅ ቀን ስለሆነ..."

"ገብሱ የማን ነው?"

መንዝ ተወልዶ፣ አሥራ ሁለት ሲባል ሚካኤል መሆኑን ጡት የሚጠባ ሕፃን በሚያውቅበት አገር፣ ቀን ከስልክ የሚጠይቅ ሰው ምን መልስ ይኖረዋል። ግን ልሳደብ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ እኔም ደመወዝ የምጠብቀው ስልኬ ላይ ባለው ቀን ነው።

ሀብታሙ አሁኑኑ አስተካክዬ እለጥፋለሁ ብሎ ሊሮጥ ሲል ጋሼ በግራ እጃቸው ዱላቸውን አንስተው መንገዱን ዘጉት። እኔ ልሂድና በየቤቱ ልጥራ አልኩ። እንግዳ ደቦ አይጠራም አሉኝ፤ የሚጠራ የቤቱ ሰው ነው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "በአፍህ ጥራ" አሉት። ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ አላነጋገሩትም።

አብሬው ሄድኩ፤ ለመመስከር ያህል። የአጠራሩ ደንብ እንዲህ ነው። በር ላይ ትቆማለህ፣ አትገባም፣ አትቀመጥም፣ ቢሰጡህም አትቀምስም። ማን እንደላከህ፣ ምን ቀን፣ የትኛው ማሳ እንደሆነ ትናገራለህ። እሺ እስክትባል አትሄድም። ሲያዩት ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቤት የአያ ታዬ ነበር፤ የጋሼ እኩያ፣ አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ሰው። ሀብታሙ በሩ ላይ ቆመና አፉ ተያዘ። ለማያውቃቸው ሁለት ሺህ ሰዎች በየቀኑ የሚለፈልፍ ልጅ፣ ሕፃን ሳለ በጀርባቸው ባዘሉት ሰው ፊት ቆሞ ምራቁን ይውጣል።

አያ ታዬ ወሬው ደርሷቸዋል። "ምነው፣ ሚካኤል ለት ማጭድ ይዤ ልምጣ?" አሉት።

"ኧረ ነገ ነው አያ ታዬ።"

"ነገ የምትለው በእኛ ነው በስልኩ?"

"በእኛ" አለ ሀብታሙ፤ መሬት መሬት እያየ። "አባዬ ልኮኝ ነው። ነገ፣ አራት፣ የላይኛው ማሳ። እርዱን ብሏል።"

የአያ ታዬም ገብስ አልታጨደም። ነገ የራሳቸውን ሊያጭዱ ነበር። የሁሉም ሰው ቀን ያችው አንዲት ቀን ናት፤ ሀብታሙ ያበላሸው ረቡዕን ብቻ አይደለም፣ የሌላውንም ሐሙስ ነው የሚለምነው። ደመናውን አዩ፣ ልጁን አዩ። "እሺ። እስከ ምሳ" አሉ።

ሃያ ሁለት ቤት ዞርን። ግማሹ ሰደበን። አንዲት ሴትዮ ልጃቸውን ጠርተው፣ ና ይሄን እይ፣ የፈረንጁ ገበሬ መጥቷል አሉ። አሥረኛው ቤት ላይ ሀብታሙ ቀና ብሎ መናገር ጀመረ። ጨለማው ሳይይዘን የመጨረሻውን በር ጠርተን ስንመለስ ድምፁ ዘግቶ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል፣ አላስተዋለውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር አራት

ሃያ ስድስት ሰው መጣ። አርባ ሦስቱን አውራ ጣት ከሰጡት ውስጥ ዘጠኝ ብቻ። የቀሩት አባቶቻቸው፣ እናቶቻቸው፣ እኅቶቻቸው ናቸው። ግሩፑ ውስጥ የሌሉ ሰዎች ናቸው የመጡት።

በመስመር ነው የሚታጨደው፤ ሁሉም የራሱን ድርሻ ይዞ እኩል ይገፋል። አንድ ሰው ከቆመ ይታያል፤ ከፊቱ ያልታጨደ ገብስ እንደ ምላስ ተዘርግቶ ይቀራል። ያ በአገጩ ገደል ያሳየኝ ሰለሞን መጥቶ ነበር። መጀመሪያ ራሱን ከማጭዱ ጋር ቀረጸ። ከዚያ ማጭዱን ብቻ። ከዚያ ሰማዩን። ቀና ሲል ሰው ሁሉ ጥሎት ሄዷል፣ ምላሱ ሃያ እርምጃ ሆኗል። ሴቶቹ አልማሩትም። የሰለሞን ገብስ ለጌጥ ነው፣ ሳይታጨድ ይቀረጻል ተባባሉ። አንዷ፣ ተዉት፣ ሚስቱንም በሥዕል ነው የሚያገባ አለች። የሱን ምላስ ያጨዱለት አያ ታዬ ናቸው። ከምሳ በፊት ሰለሞን ስልክ ቻርጅ ላደርግ ብሎ ሄደ፤ ሰፈሩ ውስጥ መብራት የለም። አልተመለሰም።

ጾም ስላልሆነ ምሳ ላይ በግ ታርዶ ወጥ ሆነ። እጄ ተልጦ ማንኪያ እንኳ አልይዝ አለኝ፤ እማማ ዘነበች ሳቁብኝና መዳፌን ቅቤ ቀብተው በጨርቅ ጠቀለሉልኝ። ብየዳ ቤት እጄን ሳቃጥል አለቃዬ ማስክህን አድርግ ነው የሚለኝ። አያ ታዬ "እስከ ምሳ" ብለው ነበር። በሉ፣ ጠጡ፣ ማሳውን አዩ። ሩቡ ገና ቆሟል። ደመናው ተነስቶ ወደኛ ዞሯል። ማጭዳቸውን አነሱና ተመልሰው ገቡ። እሳቸው ሲገቡ ሊሄዱ የነበሩትም ገቡ። ሀብታሙ ከአጠገባቸው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቀና ሲል አላየሁትም።

ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻው ነዶ ተከመረ፣ ክምሩም በጓሳ ሣር ተከደነ። ተመርቆ ተበተነ።

ዓርብ፣ ኅዳር አምስት

የአቦ ለት ቅዳሴ ላይ ሳለን ዝናቡ መጣ። ዝናብ ብቻ አይደለም፣ በረዶ የተቀላቀለበት። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የካህኑ ድምፅ አልሰማ አለ። ዐውደ ምሕረቱ ላይ የቆመ ወንድ ሁሉ ወደ ራሱ ማሳ አቅጣጫ ያያል፤ ማንም አይንቀሳቀስም፣ በዓል ነው፣ ቢንቀሳቀስስ ምን ያደርጋል። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሲያባራ ወረድን።

የጋሼ ደምሰው ክምር ደህና ነው። የአያ ታዬ ገብስ ከግማሽ በላይ ተኝቷል። አህያ የተንከባለለበት ይመስላል፤ ፍሬው ጭቃው ላይ ተረጭቷል። ትናንት ከሰዓት ሊያጭዱት የነበረው ያ ነው።

ሀብታሙ ማሳው ዳር ደርቆ ቀረ። አያ ታዬ ጋቢያቸውን ሰብስበው መጡ፤ ይጮሁበታል ብዬ ጠበቅሁ። በበዓል ቀን ክፉ ቃል አይባልም ብለው ይሆናል፣ ሰኞ ጠዋት ማጭድህን ይዘህ ና፣ የተረፈውን እናነሳለን ብቻ አሉት። በከተማችን ቢሆን ፖሊስ ነበር፣ ቢያንስ ድንጋይ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ

ቁስቋምና ሥላሴ። ቤተ ክርስቲያን፣ ጠላ፣ ብርድ። የሚጻፍ ብዙ የለም፤ ከአንዱ በስተቀር።

እሑድ ከሰዓት ሀብታሙ ድንጋዩ ጋ ሄዶ መጣ፤ ዓርብና ቅዳሜ አልሄደም ነበር። ግሩፑ ሞልቷል። ለሚካኤል እንገናኝ፣ ጠላው እንዳይቀጥን፣ ስንት በግ ነው፣ ምናምን። ማጭድ ላይ ያልታዩት ሰላሳ ምናምን አውራ ጣቶች ሆድ ይዘው ይመጣሉ ማለት ነው። እኔ ሰድበህ በትናቸው አልኩት። እሱ ግን አባቱ ፊት ሄዶ ቆመ። አባዬ፣ በስህተት ነው የጠራኋቸው፣ ቀርቷል ብዬ ልጻፍላቸው ወይ አለ። ከረቡዕ ወዲህ አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ መለሱለት።

"ሚካኤል ለት ሰው ጠርተህ፣ ቀርቷል ትላለህ?"

"ስህተት ነው እኮ።"

"ስህተቱ ያንተ ነው። ጥሪው የዚህ ቤት ነው። ይመጣሉ፤ ይበላሉ" አሉት። እትዬ አስካለ ጋኑን እያዩ ተነፈሱ። ጋሼ ጨመሩበት፤ ከዘንድሮ ጀምሮ የኅዳር ሚካኤል ዝክር በዚህ ቤት ይወጣል፣ በየዓመቱ። የሚጠራውም ልጁ ነው፣ እንደ ደንቡ፣ በየበሩ። ከስልክ ስህተት የተወለደ ዝክር መንዝ ውስጥ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ለሰነፎች ድግስ ማብላት ሞኝነት ነው ብዬ ስቆጣ ጋሼ፣ ዝክሩ የሚካኤል ነው፣ የእነሱ አይደለም አሉኝ። እኔ ብሆን ግን አሁንም አላበላቸውም።

ሰኞ፣ ኅዳር ስምንት

መኪና የሚያዘው ሞላሌ ስለሆነ በጠዋት ወጣሁ። እትዬ አስካለ ዳቦና በሶ ቦርሳዬ ውስጥ ጠቀጠቁ፤ ጋሼ በግራ እጃቸው ባረኩኝ። ሀብታሙ ማጭዱን ይዞ ወደ አያ ታዬ ማሳ ስለሚሄድ እስከ መገንጠያው አብረን ወረድን። በመንገዱ ያሉትን በሮች ለሚካኤል እየጠራ ነው የሚሄደው። ቀና ብሎ፣ ስሙን ጠርቶ፣ አባቱ እንደላከው ተናግሮ፣ እሺ ተብሎ።

ሦስተኛው በር የነሰለሞን ነበር። ራሱ ሰለሞን አጥሩን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ሀብታሙ ቆሞ መናገር ሲጀምር አላስጨረሰውም። "አይቼዋለሁ ባክህ፤ ላይክም አድርጌያለሁ እኮ" አለው፣ ቀና ሳይል።

"እሱ አይቆጠርም" አለ ሀብታሙ። "አሁን ነው የጠራሁህ። ሚካኤል ለት እኛ ቤት፣ አንተም አባትህም እናትህም። ዛሬ ደግሞ አያ ታዬ ማሳ። ማጭድህን ይዘህ ውጣ።"

ሰለሞን ሳቀ። አብሬው የምስቅ መስሎት እኔን አየኝ፤ አልሳቅሁም። እንደገና አቀረቀረ። ሀብታሙ አልተቆጣም፣ አልደገመም፣ ከበሩም አልተነሳ። ማጭዱን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቆመ። መኪናው ሊያመልጠኝ ስለሆነ ተሰናብቼው ወረድኩ። መታጠፊያው ላይ ዞር ብዬ አየሁ፤ አሁንም እዚያው በሩ ላይ ቆሟል። እሺ አልተባለም።